ያልተሠራ ቤት መግዛት፦ ከፍራንክፈርት የክፍያ ሥርዓት ለአዲስ አበባ ገዢ የሚሆን ትምህርት

የግንባታ ምህንድስና ተማሪ መሆኔ በማኅበራችን አባላት ዘንድ ከታወቀ ወዲህ ስለ ትምህርቴ ከሚጠይቀኝ ሰው ይልቅ ስለ አዲስ አበባ አፓርትመንት የሚጠይቀኝ ይበዛል። «ይህ ድርጅት ይታመናል ወይ?»፣ «ቅድመ ክፍያው አርባ በመቶ ነው፣ ልክፈል?»፣ «ዶላር ሳይጨምር ልፈርም ወይስ ልቆይ?» የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። ድርጅትን በስሙ እየጠሩ ይታመናል አይታመንም ማለት የእኔ ሥራ አይደለም። ሆኖም ጥያቄዎቹ ሁሉ አንድ ሥር አላቸው፦ ገና ያልተሠራ ቤት ሲሸጥ፣ ቤቱ ሳያልቅ ገንዘቡ ቢያልቅ ጉዳቱ የማን ነው? በዚህ ጽሑፍ ጀርመን ለዚህ ጥያቄ የሰጠችውን መልስ አሳይቼ፣ ከአዲስ አበባው ልማድ ጋር አነጻጽራለሁ፤ በመጨረሻም ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያለባቸውን ነገሮች እዘረዝራለሁ።

1. ያልተሠራ ቤት ሲሸጥ በእርግጥ የሚሸጠው ምንድን ነው?

ያለቀ ቤት የሚገዛ ሰው ግድግዳውን አንኳኩቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ካርታውን አይቶ ይገዛል። ያልተሠራ ቤት የሚገዛ ሰው ግን የሚገዛው ቃል ኪዳን ነው። በእጁ ያለው ሥዕልና ወረቀት ብቻ ነው። ከዚህም በላይ የሚከፍለው ገንዘብ ራሱ የግንባታው ካፒታል ይሆናል፤ ማለትም ገዢው ሳያውቀው ለገንቢው አበዳሪ ሆኗል ማለት ነው። ባንክ ለገንቢ ሲያበድር መያዣ ይይዛል፣ የሥራውን ደረጃ በባለሙያ ያስመዝናል፣ ገንዘቡን ቀስ በቀስ ይለቃል። ገዢ ሲያበድር ግን ብዙውን ጊዜ ከነዚህ አንዱንም አያደርግም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይህን ልዩነት ያውቃል። ገና የሌለን ቤት ለማስረከብ የሚደረግ ውል በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ እንደሚደረግ የሥራ ውል ይቆጠራል እንጂ እንደ ተራ ሽያጭ አይታይም።

2. ጀርመን ውስጥ ገንዘቡ ሕንፃውን ይከተላል

መሬት ይዞ፣ ሠርቶ የሚሸጥ ድርጅት እዚህ «ባውትሬገር» ይባላል። ይህ ድርጅት ከገዢ ገንዘብ የሚቀበልበትን መንገድ የሚወስን ደንብ አለ። በደንቡ መሠረት የመጀመሪያዋን ሳንቲም ከመቀበሉ በፊት አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ውሉ በኖታር ፊት ተፈርሞ የጸና መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ገዢው በመሬት መዝገብ ላይ የቅድሚያ ምዝገባ ሊኖረው ይገባል፤ ይህን «ፎርሜርኩንግ» ይሉታል። ሦስተኛ፣ ገንቢው በመሬቱ ላይ የባንክ ዕዳ ካለበት ባንኩ የገዢውን ድርሻ ከመያዣው ነፃ እንደሚያደርግ ማረጋገጫ መኖር አለበት። አራተኛ፣ የግንባታ ፈቃድ መውጣት አለበት። በተጨማሪም ገዢው ተራ ሸማች ከሆነ የውሉን ረቂቅ እንደ ደንቡ ከፊርማው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ማግኘት አለበት፤ አንብቦ፣ ሰው አማክሮ እንዲመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ክፍያው የሚፈጸመው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሥራው ደረጃ ነው። አንድ 400,000 ዩሮ የተሸጠ አፓርትመንት እንውሰድ፦

- የመሬት ቁፋሮ ሲጀመር 30 በመቶ፣ 120,000 ዩሮ
- አርማታውና የግድግዳው ሥራ ሲያልቅ (እኛ «ስትራክቸር» የምንለው) 28 በመቶ፣ 112,000
- ጣሪያ ሲለብስ 5.6 በመቶ፣ 22,400
- የማሞቂያ፣ የውሃና የኤሌክትሪክ መስመሮች ሲዘረጉ በድምሩ 6.3 በመቶ፣ 25,200
- መስኮት ከነመስታወቱ ሲገጠም 7 በመቶ፣ 28,000
- የውስጥ ልስን 4.2 በመቶ፣ 16,800
- የወለል ንጣፍ መደልደያ 2.1 በመቶ፣ 8,400
- የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ 2.8 በመቶ፣ 11,200
- ቤቱ ለመኖሪያ ዝግጁ ሆኖ ቁልፍ ሲረከቡ 8.4 በመቶ፣ 33,600
- የውጭ ግድግዳ ሲጠናቀቅ 2.1 በመቶ፣ 8,400
- ሁሉም ነገር ፍጹም ሲያልቅ 3.5 በመቶ፣ 14,000

ገንቢው እነዚህን ደረጃዎች አጣምሮ ቢበዛ በሰባት ክፍያ ብቻ ይጠይቃል። ገዢው ደግሞ ገንቢው ሌላ ዋስትና ካላቀረበለት ከመጀመሪያው ክፍያ ላይ የጠቅላላውን ዋጋ 5 በመቶ፣ በምሳሌያችን 20,000 ዩሮ፣ መያዝ ይችላል። ቤቱ በጊዜው ያለ ዋና ጉድለት እስኪያልቅ ድረስ መተማመኛው ነው። ውሉም የማስረከቢያ ቀን ወይም የግንባታውን ርዝመት በግልጽ ማስቀመጥ ግዴታው ነው።

ይህ ሥርዓት ኪሳራን ያስቀራል ማለት አይደለም። መቀመጫው እዚሁ ፍራንክፈርት የሆነው የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወለድ ሲያሳድግ፣ የተቀማጭ ወለዱ ከዜሮ በታች ከነበረበት በመስከረም 2023 አራት በመቶ ደረሰ። የቤት ብድር ተወደደ፤ ገዢ ጠፋ፤ በርካታ የጀርመን ገንቢዎችም ኪሳራ አወጁ። መንግሥት በዓመት 400,000 ቤት ለማሠራት ቢያቅድም በ2024 የተጠናቀቁት ወደ 252,000 ገደማ ብቻ ናቸው። ነገር ግን ገንቢው ሲከስር ገዢው በመርህ ደረጃ የከፈለው ቆሞ ለሚታየው ሥራ ያህል ነው፤ በመሬት መዝገብ ላይ ያለው ቅድሚያ ምዝገባም ከኪሳራው ይተርፋል። ሕንፃው ይዘገያል፣ ወጪው ይጨምራል፣ ራስ ምታቱም አይቀርም፤ ገዢው ግን ባዶ እጁን አይቀርም።

እግረ መንገዴን፣ እዚሁ ፍራንክፈርት ለመግዛት የምታስቡ በሄሰን ግዛት የግዢ ግብሩ 6 በመቶ መሆኑን አትርሱ። በምሳሌያችን 24,000 ዩሮ ይሆናል፤ የኖታርና የመዝገብ ወጪ ከዚህ ሌላ ነው።

3. አዲስ አበባ ላይ ገንዘቡ ቀኑን ይከተላል

በአዲስ አበባ የተለመደው ውል ሌላ መልክ አለው። ገዢው ሲፈርም ከዋጋው ትልቅ ድርሻ ይከፍላል፣ ቀሪውን በየሦስት ወሩ ወይም በየስድስት ወሩ ይከፍላል። «በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ አለ» የሚለው ማስታወቂያም የታወቀ ነው። ገዢው ክፍያ ቢያዘገይ ቅጣት ይቆጠርበታል፤ ሕንፃው ቢዘገይ ግን ክፍያው አይቆምም።

እዚህ ከተማ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ አክስቴ እንዲህ ያለ ውል ፈርማ ነበር። ውሉ ሠላሳ ወር ይላል። ክፍያዋን አንድም ጊዜ ሳታሳልፍ፣ የሌሊት ተራ እየሠራች ከፈለች። አሁን አምስተኛ ዓመቱ ነው፤ ሕንፃው ስትራክቸሩ ቆሟል፣ ፊኒሺንግ የለም፣ ሊፍት የለም። ውሉን አምጥታ ስታሳየኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ከክፍያዎቹ መካከል ከሥራው ደረጃ ጋር የተያያዘ አንድም አልነበረም። ስለዚህ ገንቢው በእሷ ገንዘብ ሌላ ቦታ ሌላ መሠረት ቢያወጣ የሚከለክለው የውል ቃል የለም።

በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ አክሰስ ሪል ስቴት ነው። ድርጅቱ ከሁለት ሺህ ከሚበልጡ ገዢዎች ገንዘብ ሰብስቦ ቤቶቹን በውሉ ጊዜ ማስረከብ አልቻለም፤ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ በውጭ አገር የሚኖሩ ነበሩ፤ ጉዳዩም መንግሥት እስኪገባበት ድረስ ደርሶ ለዓመታት ተጓተተ። ከዚህ የምንማረው «ሪል ስቴት ሁሉ ሌባ ነው» የሚለውን አይደለም። በቃላቸው ያስረከቡ አሉ። የምንማረው ገንዘቡ ከሥራው ቀድሞ ሲሄድ ቅን ገንቢም ቢሆን በመጀመሪያው ችግር ሊወድቅ እንደሚችል ነው።

4. የገንቢውም ችግር አለ

ነገሩን ከገንቢው ወገን ካላየነው ሙሉ አይሆንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ 5,700,000 ብር የተዋዋሉበት ቤት በ57 ሂሳብ 100,000 ዶላር ነው፤ በ114 ሂሳብ 50,000 ዶላር ይሆናል። ዩሮ ለሚልክ ገዢ ይህ ግማሽ ዋጋ ነው። ለገንቢው ግን ሊፍቱ፣ አሉሚኒየሙ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃውና ሴራሚኩ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ በብር የሰበሰበው ገንዘብ ግማሹን ዕቃ ብቻ ይገዛል። ይህ ጫና ሕንፃዎች ስትራክቸራቸው ቆሞ ፊኒሺንግ ላይ የሚቀሩበትን አንድ ምክንያት ያስረዳል፤ ሲሚንቶና አሸዋ ከአገር ውስጥ ይገኛሉ፣ ማጠናቀቂያው ግን ዶላር ይፈልጋል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ የሲሚንቶን እጥረት ሊያቀል ይችላል፤ የሊፍትን ዋጋ ግን አይነካም።

ታዲያ ዋጋ ጨመረ ብሎ ገንቢው ከግዴታው ነፃ ይሆናል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1794 በውሉ በግልጽ ካልተስማሙ በቀር የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት እንደማይሆን ይናገራል። «በውሉ በግልጽ ካልተስማሙ በቀር» የሚለውን ልብ በሉ። አንዳንድ ውሎች የውጭ ምንዛሬ እጥረትንና የዕቃ መወደድን ከአቅም በላይ ምክንያት ዝርዝር ውስጥ ያስገባሉ። ያንን አንቀጽ የፈረመ ሰው ሕጉ የሰጠውን ጋሻ በገዛ እጁ አስረክቧል።

ወጪን የመቀነስ ሌላ መንገድም አለ፣ የሚያስገርመው ደግሞ ከዚህ ከተማ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ከ1925 እስከ 1930 እ.ኤ.አ. ኤርንስት ማይ የፍራንክፈርት ከተማ ግንባታ ኃላፊ ሆኖ ወደ 12,000 ገደማ ቤቶች አሠራ፤ በፋብሪካ የተዘጋጁ የግድግዳ ክፍሎችንና ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ በ1926 የነደፈችውን አንድ ዓይነት ወጥ ቤት በመጠቀም ነበር። ከሰባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ከፍራንክፈርት ጥቂት የኤስ-ባን ጣቢያ ርቀት ላይ ኤሽቦርን መቀመጫውን ያደረገው ጂቲዜድ አዲስ አበባ ገርጂ ላይ የመጀመሪያውን የኮንዶሚኒየም ሙከራ አሠራ። ተገጣጣሚ ቢምና ብሎኬት በመጠቀም የፎርምወርክ እንጨትንና ብረትን ቀነሰ። በ1997 ዓ.ም. የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም የተነሳው ከዚያ ነው። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፦ ዋጋ የሚቀንሰው በአሠራር ነው፤ የገዢን ገንዘብ ቀድሞ በመሰብሰብ አይደለም።

5. የዜግነት ጉዳይ

ጀርመን ከሰኔ 27 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ ዜግነትን ሳይለቁ ጀርመናዊ መሆንን ፈቅዳለች፤ ኢትዮጵያ ግን ጥምር ዜግነት አትቀበልም። ስለዚህ የጀርመን ፓስፖርት የያዘ ሰው በኢትዮጵያ ሕግ የውጭ ዜጋ ነው። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ የያዘ ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ይችላል። በሰኔ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ለሌሎች የውጭ ዜጎችም በር ከፍቷል፤ ዝቅተኛው መጠን 150,000 ዶላር ነው። ጀርመናዊ ለመሆን የምታመለክቱ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቢጫ ካርዱን አስቡበት።

6. ከመፈረም በፊት

ለአባሎቻችን የምሰጠው ምክር ይህ ነው፦

ካርታውንና የሊዝ ክፍያውን ጠይቁ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገንቢው የያዘው በሊዝ ነው። የሊዝ ዕዳ ካለበት፣ ወይም ቦታው በባንክ መያዣ ከሆነ፣ ቤታችሁ ቢያልቅም የግል ካርታ ማውጣት ሊከብድ ይችላል። በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የእናንተ ክፍል በስማችሁ መቼ እንደሚመዘገብ ውሉ ይናገር።

የግንባታ ፈቃዱን ቅጂ ተቀበሉ፤ የተፈቀደው የፎቅ ብዛት ከተሸጠላችሁ ፎቅ ጋር መስማማቱን አረጋግጡ።

ክፍያው በሥራ ደረጃ እንዲሆን ተደራደሩ። ገንቢው የጀርመኑን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ላይቀበል ይችላል። ግን አራት ደረጃ እንኳ፣ መሠረት፣ ስትራክቸር፣ ልስንና መስመር፣ ርክክብ፣ ካስገባችሁ ትልቅ ነገር ነው። የመጨረሻው ክፍያ ከርክክብ በፊት እንዳያልቅ።

በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትንና ግብይትን የሚመለከት አዲስ አዋጅ ጸድቋል። ውሉን የሚያይላችሁ ጠበቃ ከዚህ አዋጅ ጋር ያስተያየው፤ ጠበቃውም በገንቢው የተመረጠ አይሁን።

ውክልና ስትሰጡ አጥብቡት። እዚህ ያለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት የምትፈርሙት ውክልና አዲስ አበባ ውልና ማስረጃ ይደርሳል። «እንዲከታተልልኝ» ከሆነ ዓላማችሁ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚል ቃል ለምን ይገባበታል? ዘመድን ማመን መልካም ነው፤ ወረቀቱ ግን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይናገር።

በየክፍያው በፊት ከገንቢው ጋር ግንኙነት የሌለው መሐንዲስ ቦታውን አይቶ ፎቶና አጭር ጽሑፍ ይላክላችሁ። የአንድ ጊዜ ክፍያው ከአንድ ወር ወለድ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

ከርክክብ በኋላም መብታችሁ አያበቃም። በጀርመን የግንባታ ጉድለት ዋስትና አምስት ዓመት ነው፤ በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ገንቢው ለሥራው ጥራትና ለሕንፃው ጥንካሬ አሥር ዓመት ይጠየቃል። ስለዚህ የርክክብ ሰነዱን ስትፈርሙ የታየውን ስንጥቅና ፍሳሽ ሁሉ በጽሑፍ አስፍሩ።

አገር ቤት ቤት መሥራት ለብዙዎቻችን ከገንዘብ በላይ ነው፤ ለእናት ማረፊያ፣ ለራስ መመለሻ ነው። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ በስሜታችን ይሸጡልናል። ስሜቱ ይኑር፤ ውሉ ግን በእርጋታ ይነበብ። የፈረማችሁት ውል ካለና ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች ጋር ማስተያየት ከፈለጋችሁ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይዛችሁ ብትመጡ አብረን እናነበዋለን። በሕግና በሒሳብ አያያዝ የተመረቃችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም ብትገኙ ንባቡ የተሻለ ይሆናል።