ስለ አገር አቋራጭ ሩጫና ስለ አምስተኛው ልጅ

ለትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

1. የትምህርቱ ምክንያት

አገር አቋራጭ ሩጫ ማለት በተደለደለ መሮጫ ሳይሆን በሣር፥ በጭቃ፥ በዳገትና በቁልቁለት የሚሮጥ ሩጫ ነው። ሰው ሁሉ ይህን ሩጫ ሲመለከት ዓይኑን የሚያሳርፈው ከፊት በቀደመው ልጅ ላይ ነው። መምህሩም እንደ ተመልካቹ ቀዳሚውን ብቻ የተከተለ እንደ ሆነ፥ ትምህርት ቤቱ አንድ ሯጭ ያገኛል እንጂ ቡድን አያገኝም። ስለዚህ በሾኔና ሾኔን በመሰሉ ከተሞች ያለ መምህር፥ ብዙ ገንዘብ ሳያወጣ፥ ጠንካራ ቡድን እንዴት ለማቆም እንደሚችል በዚህ ትምህርት እንገልጣለን።

2. የቡድን ውጤት እንዴት ይቈጠራል

አንደኛ የገባ 1፥ ሁለተኛ የገባ 2፥ ዐሥረኛ የገባ 10 ነጥብ ይያዝለታል። የቡድኑ ልጆች ነጥብ ይደመርና ድምሩ ያነሰው ቡድን አሸናፊ ይሆናል። የሚቈጠሩት ሯጮች ብዛት እንደየውድድሩ ደንብ ይለያያል፤ እኛ ግን ለምሳሌ አምስት እንበል። የአንዱ ትምህርት ቤት ልጆች 1ኛ፥ 2ኛ፥ 18ኛ፥ 25ኛና 29ኛ ቢወጡ ድምራቸው 75 ነው። የሌላው ልጆች 6ኛ፥ 8ኛ፥ 10ኛ፥ 12ኛና 14ኛ ቢወጡ ድምራቸው 50 ነው። እንግዲህ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ተሸነፉ፤ ከአምስተኛ በላይ አንድ ልጅ እንኳ ያልነበረው ትምህርት ቤት አሸነፈ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው በዚህ ሩጫ እውነት ሆኖ ይታያል።

3. ከአገራችን ታሪክ

በ1973 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኢትዮጵያ ወንዶች በማድሪድ ከተማ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተካፈሉ። ሯጮቻችን ተያይዘው ከፊት ሲመሩ ሳለ፥ አንድ ዙር ሲቀር ሩጫው ያለቀ መስሏቸው በሙሉ ኃይላቸው ወደ መጨረሻው ገሠገሡ። ስሕተታቸውን ባወቁ ጊዜ ሌሎቹ ደርሰውባቸው ነበር። መሐመድ ከድር እንደ ገና ተነሥቶ ሁለተኛ ወጣ፤ አንደኛነቱንም የአሜሪካው ክሬግ ቨርጂን ወሰደው። ነገር ግን ልጆቻችን ብዙ ሆነው በአንድነት ስለ ገቡ፥ የቡድኑ ድል የኢትዮጵያ ሆነ። በሚከተለው ዓመት መሐመድ ከድር በሮም አንደኛ ወጣ፤ ቡድኑም እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፥ ዙር መቍጠርንና መንገዱን አስቀድሞ ማወቅን ለልጆች ማስተማር እንደሚገባ ነው። ሁለተኛው፥ የአንዱ ስሕተት ቡድኑን እንዳይጥለው ከኋላው የሚደርሱ ወንድሞች እንደሚያስፈልጉት ነው።

4. የአንድ የትምህርት ቤት መምህር ሥራ

በአርሲ በምትገኘው በበቆጂ ከተማ፥ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት አቶ ስንታየሁ እሸቱ ብዙ ልጆችን በሜዳና በዳገት አሠልጥነዋል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው፥ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዪቱ የኦሊምፒክ አሸናፊ ደራርቱ ቱሉ ከእሳቸው ተማሪዎች አንዷ ናት። በዓለም አገር አቋራጭ በአዋቂዎች ውድድር 11 ጊዜ አንደኛ የወጣው ቀነኒሳ በቀለም ከእሳቸው ዘንድ ነው የጀመረው።

አንባቢ ሆይ፥ «በቆጂ ደጋ ናት፤ ሾኔ ግን ወይና ደጋ ናት» ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ የከፍታ አየር ለሳንባና ለደም ብርታት ይረዳል። ነገር ግን ቀነኒሳን ያሳደገ አየር ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ የደጋ ልጅ ሁሉ ቀነኒሳ በሆነ ነበር። በየማለዳው በሜዳው ላይ የቆመ መምህርም አስፈልጓል። ይህንንም ሾኔ ልታገኘው ትችላለች።

5. የሥልጠና ሥርዓት

አስቀድሞ መምህሩ 50 ሜትር የሆነ ገመድ ይዞ፥ ሣርና ዳገት ያለበትን 3 ኪሎ ሜትር መንገድ ይለካ። ልጆቹን ሁሉ በዚያ ያስሩጥ፤ የእያንዳንዱንም ደቂቃ በደብተር ይጻፍ። አንደኛው በ11 ደቂቃ፥ አምስተኛው በ13 ደቂቃ ቢገቡ፥ በመካከላቸው ያለው ሁለት ደቂቃ የመምህሩ የሥራ እርሻ ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ይህ ልዩነት ወደ አንድ ደቂቃ ቢጠብ፥ መምህሩ ሥራውን ሠርቷል።

ከዚህ በኋላ ለ12 ሳምንት ያህል እንዲህ ያድርግ። ሰኞና ረቡዕ ልጆቹ እየተነጋገሩ ለመሮጥ በሚችሉበት ዝግታ ይሩጡ፤ ትንፋሽ አጥሮት መናገር የተሳነው ልጅ ፈጥኗል ማለት ነው። ማክሰኞ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ዳገት ስድስት ጊዜ ይውጡ፤ ቁልቁለቱንም በእርምጃ ይውረዱ። ሐሙስ በቡድን ሆነው ጠንከር ባለ እርምጃ 15 ደቂቃ ይሩጡ። ቅዳሜ ረጅሙን ሩጫ በዝግታ ይሩጡ። ዓርብና እሑድ ይረፉ፤ ሥጋ የሚጠነክረው ከድካም በኋላ በሚያገኘው ዕረፍት ነውና። ጀማሪ ልጅ ከ20 ደቂቃ ይጀምር፤ በየሳምንቱም ጥቂት ጥቂት ይጨመርለት። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።

ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የሚመጣ ተማሪ ግን መንገዱ ራሱ ሥራ መሆኑን መምህሩ አይርሳ፤ ሁለት ሰዓት የተጓዘውን ልጅ፥ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ከሚኖረው ጋር እኩል አድርጎ አያድክመው። ያልበላ ልጅ በከባዱ ቀን አይሩጥ። ቆጮና በቆሎ ኃይል ይሰጣሉ፤ ሥጋን የሚገነባ ግን ቦሎቄ፥ ወተትና አይብ ነውና ከእነርሱ ጋር ይጨመር። ወደ ብላቴ ወንዝ በሚወርደው ቆላ የወባ ነገር ስላለ፥ ትኩሳት የያዘው ልጅ ወደ ሐኪም ይላክ እንጂ ወደ ሜዳ አይውጣ።

6. ለአገር ሽማግሎች

አባቶች ሆይ፥ የቀረው ሥራ የእናንተ ነው። ወንዱ ልጅ ከትምህርት በኋላ ሜዳ ሲወርድ፥ እኅቱ እንስራዋን ይዛ ወደ ውኃ ትወርዳለች። በሩጫ የደከመች ሳትሆን በሥራ የደከመች ናት፤ መምህሩም «ሴቶች አይመጡልኝም» ይላል። ከሳምንቱ በሁለቱ ቀን ወንድሟ ውኃውን ቢቀዳላት፥ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ቡድን ያገኛል። የደራርቱ ወላጆችም ልጃቸውን ለቤት ሥራ ብቻ አስቀርተዋት ቢሆን ኖሮ የባርሴሎናው ድል ባልኖረም ነበር።

ሁለተኛም፥ ልጅን በሩጫ ስም ከትምህርት የሚያስወጣውን ሰው አትስሙ። ከብዙ ሯጮች በዓለም የሚታወቁት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ደብተሩን የጣለ ልጅ እግሩ በተጐዳ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ትምህርቱን የተወ ልጅ በቡድኑ እንዳይቆይ ከመምህሩ ጋር ተስማምታችሁ ሕግ አድርጉት።

7. በውድድሩ ቀን

ዋዜማውን ልጆቹ መንገዱን በእርምጃ ይዙሩት፤ የዙሩንም ቍጥር በቃላቸው ይያዙት። ሩጫው ሲጀመር እንደ ደንገጠ ከብት አይፈትለኩ፤ በመጀመሪያው ሜዳ ኃይሉን የጨረሰ ልጅ በመጨረሻው ዳገት ይቀራልና። ሁለት ሁለት፥ ሦስት ሦስት ሆነው ተያይዘው ይሩጡ። መምህሩም በመጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ አንደኛውን ብቻ እያመሰገነ አይሂድ፤ አምስተኛው እስኪገባ ይጠብቅ፥ እጁንም ይጨብጠው። ቡድኑ ያሸነፈው ወይም የተሸነፈው በዚያ ልጅ ነውና።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. የአንድ ቡድን ልጆች 3ኛ፥ 4ኛ፥ 5ኛ፥ 21ኛና 30ኛ ወጡ፤ የሌላው ቡድን 7ኛ፥ 9ኛ፥ 11ኛ፥ 13ኛና 15ኛ ወጡ። ማን አሸነፈ? በምን ያህል ነጥብ?

ለ. ከተማሪዎችህ መካከል አምስተኛው ማን ነው? ወደ ትምህርት ቤት ምን ያህል ይጓዛል? ጠዋት ምን በልቶ ይመጣል?

ሐ. በቀበሌያችሁ ስንት ሴት ልጆች መሮጥ እየወደዱ በቤት ሥራ ምክንያት ቀርተዋል? ሽማግሎች ተሰብስበው ይነጋገሩበት።