ተላላፊ በሽታ በተነሣ ጊዜ በነጋዴና በቤተ ሰብ ላይ ስላለው ግዴታ

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና በሽታንም መድኃኒትንም ለፈጠረ ጌታ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፥ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! አላህ ይዘንላችሁና ይህን ዕወቁ። ወረርሽኝ በአገር ላይ በወረደ ጊዜ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በፍርሃት አእምሮውን ያጣል፤ የሰማውን ሁሉ ያምናል፤ የታመመውን ወንድሙን ጥሎ ይሸሻል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የተጻፈልኝ አይቀርም ብሎ እጁን ሳይታጠብ ይበላል፤ ከታመመውም ጋር ያለ ጥንቃቄ ይቀላቀላል፤ ይህንም ድፍረቱን ኢማን ይለዋል። ሁለቱም መንገድ ስተዋል። የሸሪዓ መንገድ በሁለቱ መካከል ነው፤ እርሱም ልብን በአላህ ላይ አስደግፎ፥ እጅንና እግርን በጥንቃቄ ማሠራት ነው።

አንድ ሰው ግመሉን ሳያስር በአላህ ይመካ እንደ ኾነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በጠየቀ ጊዜ፥ አስቀድሞ እንዲያስር ከዚያም እንዲመካ አዘዙት። በግምጃ ቤት ገበያ የሚነግድ ሰው ማታ ሱቁን ሳይቆልፍ አያድርም፤ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ቻግኒ ጭነት ሲልክም ገመዱን ደጋግሞ ያጠብቃል። ይህን በማድረጉ ተወኩሉ ጎደለ የሚለው የለም። ለጨርቅና ለጨው ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፥ ለልጁ ነፍስ ሲኾን ጥንቃቄን እንደ ኢማን ጉድለት ቢቆጥር፥ ሚዛኑ የተዛባ ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሽታ መተላለፍ የለውም ብለው የለምን? ይል ይኾናል። መልሱ ይህ ነው። ከእስልምና በፊት የነበሩ ሰዎች በሽታ በራሱ ኀይል፥ ያለ አላህ ፈቃድ የሚጋባ ይመስላቸው ነበር። ሐዲሱ ያፈረሰው ይህን እምነት ነው እንጂ ጥንቃቄን አይደለም። የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኞች ግመሎች ወዳሉት ሰው እንዳያመጣቸው የከለከሉት እርሳቸው ናቸውና። ከሰቂፍ ነገድ መልክተኞች ጋር የሥጋ ደዌ ያለበት ሰው በመጣ ጊዜም፥ ቃል ኪዳኑን ከሩቅ ተቀብለው እንዲመለስ ላኩበት። እሳት በአላህ ፈቃድ እንደሚያቃጥል፥ በሽታም በአላህ ፈቃድ ይጋባል፤ አስተዋይ ሰው ግን እጁን ወደ እሳት አይሰድም።

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ በሻም አገር ዐምዋስ በምትባል ከተማ ጧዑን ተነሣ። የምእመናን አዛዥ ዑመር ኢብን አል ኸጧብ ወደ ሻም ሲሄዱ ሰርግ ከምትባል ስፍራ ሲደርሱ ይህ ወሬ ደረሳቸው። ዑመርም ሙሃጂሮችን፥ ቀጥሎ አንሷሮችን፥ ቀጥሎም የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩ፤ በመጨረሻም ለመመለስ ቈረጡ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነውን? ብለው ሲጠይቋቸው፥ ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ መሄዳቸው እንደ ኾነ ገለጹላቸው፤ አንዱ ወገን ለምለም፥ ሌላው ወገን ደረቅ በኾነ ሸለቆ ግመሉን የሚያሰማራ እረኛም ምሳሌ አድርገው አስረዷቸው። ከዚህ በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ መጥተው፥ ጧዑን ባለበት አገር ውጪ ያለ ሰው እንዳይገባ፥ ውስጥ ያለውም ሸሽቶ እንዳይወጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን መሰከሩ። ዑመርም አላህን አመስግነው ተመለሱ። በዚያ ወረርሽኝ አቡ ዑበይዳና ሙዓዝ ኢብን ጀበል ሞቱ። ዐምር ኢብን አል ዓስ ግን ሕዝቡ አንድ ላይ እንዳይከማች፥ ወደ ተራሮች ተበታትኖ እንዲቀመጥ አደረጉ፤ በሽታውም ጋብ አለ።

ሌላም ትምህርት አለ። ታላቁ ሊቅ ኢብን ሐጀር አል ዐስቀላኒ ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን ጧዑን የነጠቃቸው አባት ነበሩ፤ ስለ ጧዑንም ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። በ833 ዓመተ ሂጅራ በካይሮ በሽታ በተነሣ ጊዜ በየቀኑ የሚሞተው ከ40 በታች ነበረ። ሕዝቡ ለዱዓ ወደ ሜዳ ወጥቶ ተሰብስቦ ከተመለሰ በኋላ ግን ቍጥሩ እያደገ ሄዶ በቀን ከ1,000 በላይ መድረሱን እኚህ ሊቅ መዝግበዋል። ዱዓ የሙስሊም መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን በቤቱ ኾኖ የሚለምነውንም አላህ ይሰማዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ኢንፍሉዌንዛ፥ ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ያለው፥ ብዙ ሺህ ነፍስ ፈጀ። ኮሮና መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲነገር፥ መስጊዶች ተዘግተው የዚያ ዓመት የረመዷን ተራዊሕ በየቤቱ ተሰገደ። የ1441ም ሐጅ ቀድሞ በሳዑዲ ለነበሩ ጥቂት ሰዎች ብቻ ተፈቀደ። ካዕባ ስትጠበቅ ያያችሁ ሰዎች፥ የሰፈራችሁ መስጊድ ለአጭር ጊዜ ቢዘጋ ዲን ፈረሰ አትበሉ። ነፍስን መጠበቅ ራሱ ከዲን ዓላማዎች አንዱ ነው።

ከኮሮናም በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ኮሌራ ተነሥቶ ወደ ብዙ ክልሎች ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል በቋራ ወረዳ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ስፍራ ታየ፤ ጥቂት ቈይቶም በመተማ በኩል ከሱዳን የተሰደዱ ሰዎች በሰፈሩበት በኩመር ታየ። ኮሌራ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚሻገረው በመንገደኛ ሰውነት፥ በተበከለ ውኃና ምግብ ነውና፥ መንገድ የሚውል ነጋዴ ከማንም በላይ ይህን ትምህርት ይፈልጋል።

የበሽታውን ነገር ዕወቁ። ኮሌራ በዐይን የማይታይ ተሕዋስ ነው፤ ከታመመው ሰው ዐይነ ምድር ወጥቶ፥ በውኃ፥ በምግብ ወይም ባልታጠበ እጅ ወደ ሌላው አፍ ይገባል። ምልክቱ ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ተሕዋሱ የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም፤ ጤነኛ መስሎ ለሌላው የሚያስተላልፍ አለ። የጠናበት ግን የሰውነቱ ውኃ አልቆ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በጊዜ የታከመ ሰው ከ100 አንድ እንኳ አይሞትበትም። እንግዲህ በብዙ ቤት የሚገድለው መዘግየትና መደበቅ ነው።

እናንተ ነጋዴዎች ሆይ! አራት ነገር እንመክራችኋለን።

አንደኛ፥ ተቅማጥና ትውከት ይዟችሁ ወደ ገበያ አትሂዱ፤ በሽታ ካለበት ስፍራ ስትመለሱም ለጤና ሠራተኛ ሳትነግሩ ከሰው አትቀላቀሉ። ከአንድ ገበያ የሚቀረው ትርፍ ከሌላ ገበያ ይገኛል።

ሁለተኛ፥ ነውርን አትሸፍኑ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ርጥበት ባገኙ ጊዜ፥ ገዢው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ባለቤቱን ወቀሱት፤ አታላይንም ከወገናቸው ለዩት። ርጥብ እህል መደበቅ እንዲህ ካስወቀሰ፥ በቆሸሸ ውኃ የታጠበ አትክልት ወይም የተበላሸ ምግብ የሚሸጥ ሰው ምን ይባላል?

ሦስተኛ፥ በመከራ ጊዜ ዕቃ አትደብቁ። በ2012 ዓ.ም. የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፥ ሎሚና ነጭ ሽንኵርት በድንገት መወደዳቸውን ታስታውሳላችሁ። ሕዝብ የተቸገረበትን ነገር ዋጋ ለማናር ማከማቸት በሸሪዓ ኀጢአት ነው። ሳሙናንና የውኃ ማከሚያን በተገቢ ዋጋ የሚሸጥ ግን ከትርፉ ጋር ምንዳ ያገኛል።

አራተኛ፥ ሱቃችሁ የወሬ ማሰራጫ አይኹን። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ከውሸት አይድንም።

እናንተ የቤት እመቤቶችና አባቶች ሆይ! የመጠጥ ውኃን አፍልታችሁ ወይም ውኃ አጋርን በመመሪያው መሠረት ጨምራችሁ ጠጡ፤ ዕቃውንም ክደኑ፤ የምግብና የመጠጥ ዕቃን መክደን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩት ሥርዐት ነውና። በወንዝ ዳርና በምንጭ አጠገብ አትጸዳዱ፤ ይህ እርግማን የሚያመጣ ሥራ መኾኑ በሐዲስ ተነግሯል። ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዉዱእ ታላቅ ንጽሕና ነው፤ ነገር ግን ከመጸዳጃ በኋላ የሳሙናን ስፍራ አይተካም። ክትባት ሲመጣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሰው ሲታመምባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ እስክታደርሱት ድረስ በመጠጥ ርዱት። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ስጡት። ይህ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በልኩ ጨምሩ፤ ጨውን ከዚህ አታብዙ። ሕፃን የሚጠባ ከኾነ እናቱ ጡት አትከልክለው። ወሩ ረመዷን ቢኾንም በሽተኛው ይጠጣ፤ አላህ ለታማሚ ፈቅዶለታልና፥ ሲድን ሌላ ቀን ይጾመዋል። ጾሜን አላፈርስም ብሎ በውኃ ጥም ራሱን የሚገድል ሰው፥ የተሰጠውን ምሕረት መልሷል።

ስለ ሬሳም የምንለው አለ። በኮሌራ የሞተን ሰው ማጠብ ለአጣቢው አደጋ አለው። ስለዚህ ሬሳው የሚታጠበው የጤና ሠራተኛ በሚያሳየው መንገድ፥ በእጅ ጓንትና በክሎሪን ውኃ፥ በጥቂት ሰዎች ብቻ ይኹን። ማጠብ ጨርሶ የማይቻል ከኾነ ሊቃውንት ተየሙምን ፈቅደዋል። ጀናዛውም ይቀበራል፤ ይሰገድበታል፤ ክብሩ አይጐድልም። ለተዕዚያ የሚሰበሰበው ሰው ግን በአንድ ገበታ አይብላ፤ የብዙ ቤት ሐዘን ከአንድ ቤት ድንኳን ሊጀምር ይችላልና።

በመጨረሻም፥ የታመመውን አታሳፍሩ። በወረርሽኝ አገር በትዕግሥትና አላህን በማሰብ የተቀመጠ ሰው የሸሂድ ምንዳ እንደሚሰጠው ተነግሯል። እንዲህ ያለ ደረጃ የተሰጠውን ሰው ጎረቤቱ በስድብና በሐሜት ቢያሳድደው፥ ሌላው በሽተኛ ፈርቶ ይደበቃል፤ የተደበቀውም በሽታ ወደ አሳዳጁ ቤት ይመለሳል። በራፉ ላይ ንጹሕ ውኃና ምግብ አኑሩለት፤ ልጆቹን ጠይቁ፤ ብድሩን አራዝሙለት።

አላህ ሆይ! አገራችንን ከክፉ በሽታ ጠብቅ፤ ሕሙማንን ፈውስ፤ ሙታንን ማር፤ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን አበርታ፤ ለእኛም በአንተ መመካትንና ሰበብ ማድረስን አጣምረህ ስጠን። አሚን።