የመጀመሪያውን የንብ መንጋ እንዴት እንያዝ?

«ንብ» የሚለው ቃል ሁለት ፊደል ነው። ን እና ብ። ይህን ቃል አንብቦ ለመጻፍ ለክፍላችን ጎልማሶች ግማሽ ሰዓት በቃቸው። ንቧን ራሷን ለመያዝ ግን ሦስት ሳምንት ለፋን፤ የመጀመሪያዋም አመለጠችን። ዛሬ የምናነበው እንዴት እንዳመለጠችንና ሁለተኛዋን እንዴት እንዳቆየናት ነው።

ነገሩ የሆነው ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በጊምቦ ወረዳ ነው። እኔ የመጣሁት ፊደል ላስቆጥር ነበር። ያደግሁት ከተማ ስለሆነ ማር የማውቀው በጠርሙስ ብቻ ነው። ከክፍላችን ውስጥ ስድስት ገበሬዎች፣ አራት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፣ ንብ ለማነብ ተነሡ። አባቶቻቸው አናቢዎች ናቸው። እነሱ ግን ቀፎውን ከጓሯቸው ለማኖር ፈለጉ።

ለምን ቢባል፣ የከፋ አናቢ ቀፎውን የሚሰቅለው በጣም ረጅም ዛፍ ላይ ነው። በገመድ ተንጠላጥሎ ይወጣል፤ ማሩንም ብዙ ጊዜ በጨለማ ይቆርጣል። «ከዛፍ ወድቆ ወገቡ የተሰበረ ሰው የሚያውቅ እጁን ያውጣ» ብዬ ብጠይቅ ከግማሽ በላይ የሆነው ክፍል እጁን አወጣ። ሴቶች ደግሞ በልማድ ዛፍ ስለማይወጡ ማሩ የወንድ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ቀፎው ከጓሮ ሲቀመጥ ግን ሴቲቱም ታነባለች፤ የማሩን ዋጋም ራሷ ትቆጥራለች።

አገሩ የማር አገር ነው። የከፋ ጫካና አካባቢው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ነጭ ማር የሚገኝበት ጌተም አለ፤ በካፊኖኖ ቡቶ የሚባለው ዛፍ ማለት ነው። ብሳና አለ፣ ዶቅማ አለ፣ ግራዋና ዋንዛ አለ። ቡናውም ሲያብብ ለንብ ቀለብ ነው። እንግዲህ አበባ አላነሰንም። ያነሰን ንብ ነበር። ገንዘብ ያለው ንብ ከነቀፎው ይገዛል፤ የሌለው ከጫካ የሚወጣውን መንጋ መያዝ አለበት።

መንጋ ለምን ይወጣል?

አንድ ቀፎ ውስጥ አንዲት እናት፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችና ድንጉላዎች ይኖራሉ። እናቲቱን «አውራ» እንላታለን። ስሙ የወንድ ይመስላል፤ እሷ ግን ሴት ናት። የቀፎው ሠራተኞች የሚወለዱት እሷ ከምትጥለው እንቁላል ነው። ሠራተኞቹም ሁሉም ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ድንጉላዎች ናቸው፤ መንደፊያ የላቸውም፣ አበባ ቀስመውም ማር አያገቡም። (ይህን ክፍል ውስጥ ስናነብ ሴቶቹ ብዙ ሳቁ። አንዲቱ «ታዲያ ይህ ስለ ንብ ብቻ ነው እንዴ?» አለች።)

አበባ በዝቶ ቀፎው ሲሞላ ሠራተኞቹ አዲስ አውራ ማሳደግ ይጀምራሉ። ከሌላው ረዘም ያለ፣ የለውዝ ቅርፊት የመሰለ ቤት ይሠሩላታል። አዲሷ አውራ እንቁላል ከሆነችበት ቀን አንሥቶ በ16 ቀን ትፈለፈላለች። ሠራተኛ 21 ቀን፣ ድንጉላ 24 ቀን ይፈጅበታል። አዲሷ ከመውጣቷ በፊት አሮጊቷ አውራ ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ይዛ ትሄዳለች። አያችሁ፣ ቤቱን ለልጇ ትታ የምትወጣው እናቲቱ ናት። መንጋ የምንለው ይህ ነው።

ሌላ ዓይነት መንጋም አለ። ጉንዳን ሲገባበት፣ ሲራብ፣ ፀሐይ ሲያቃጥለው ወይም ሰው ሲያስቸግረው ቤቱን ባዶ አድርጎ የሚኮበልል ነው። የአፍሪካ ንብ ከአውሮፓ ንብ ይልቅ ቶሎ ትኮበልላለች። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከቀፎ የወጣ መንጋ ወዲያው አዲስ ቤት አይገባም። አጠገቡ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል። አንዳንዴ ለጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴም ለሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ቃፊሮች ቤት ፍለጋ ይበርራሉ። ባዶ የዛፍ ጉድጓድ ወይም ባዶ ቀፎ ያገኘችው ተመልሳ በመንጋው ላይ ትጨፍራለች። ጭፈራዋ ወሬ ነው፤ ቤቱ በየት በኩል እንዳለና ምን ያህል እንደሚርቅ ትናገርበታለች። ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባል ሊቅ የዚህን ጭፈራ ትርጉም በማግኘቱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1973 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ተማሪው ማርቲን ሊንዳወር ደግሞ መንጋው ላይ የሚደረገው ጭፈራ ቤት የመምረጥ ምክክር መሆኑን አሳየ። መጀመሪያ ቃፊሮቹ ስለ ብዙ ቤት ይጨፍራሉ፤ ቀስ በቀስ ግን በአንዱ ይስማማሉ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው አንድ ቃል እስኪሆኑ እንደሚነጋገሩት መሆኑ ነው።

ቀፎውን ማዘጋጀት

ቃፊሮች ምን ዓይነት ቤት ይወዳሉ? ቶማስ ሲሊ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ልዩ ልዩ ሣጥን እየሰቀለ አጠና። ንቦቹ 10 ሊትር ወይም 100 ሊትር ከሚይዝ ሣጥን ይልቅ 40 ሊትር የሚይዘውን መረጡ። መሬት አጠገብ ካለው ይልቅ 5 ሜትር ከፍ ያለውን፣ በሩ ሰፊ ከሆነው ይልቅ ጠባቡን ወደዱ። 40 ሊትር ማለት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው።

እኛም የአባቶችን ቀፎ በሜትር ለካን። አንዱ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ የውስጡ ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር ሆነ። አስልተን ስናየው 49 ሊትር ያህል ይይዛል። አባቶች ሊትር ሳያውቁ ወደዚያው ቀርበው ነበር። ረጅም ዛፍ ላይ መስቀላቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የጓሮ ቀፎ ለመያዣ ብቻ ሁለት ሦስት ሰው ቁመት ከፍ ብሎ ቢሰቀል፣ ንቡ ከገባ በኋላ ደግሞ ወርዶ መደብ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

ንብን የሚመራት ሽታ ነው። ስለዚህ ቀፎው የንብ ቤት፣ የንብ ቤት መሽተት አለበት። ንብ ኖሮበት የነበረ አሮጌ ቀፎ ከአዲሱ ይበልጣል። አዲስ ከሆነ ውስጡን ሰም ወይም ሰፈፍ አሞቃችሁ ቀቡት። ከዚያ ጠጅ ሳር ጨፍልቃችሁ በውስጡና በበሩ ዙሪያ እሹበት። ይህ ከንቱ ልማድ አይደለም። ሠራተኛ ንቦች ጓደኞቻቸውን ወደ ቤት ሲጠሩ ከጅራታቸው ጫፍ ሎሚ ሎሚ የሚል ሽታ ይለቃሉ። የጠጅ ሳር ሽታ ለዚህ በጣም ቅርብ ነው። በሌላው ዓለም ያሉ አናቢዎች የጠጅ ሳር ዘይት ገዝተው ይቀባሉ፤ እኛ ከደጃፋችን እንቆርጣለን።

ቀፎው መዘጋጀት ያለበት ዋናው አበባ ከመፍካቱ በፊት ነው። የአበባው ጊዜ በደጋውና በቆላው ስለሚለያይ በቀበሌያችሁ መንጋ የሚወጣበትን ወር ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። የሚመጣው ዓመት ትፈልጉታላችሁ።

የእኛ ጥፋት

እኛ ይህን ሁሉ ከማወቃችን በፊት ነበር የጀመርነው። ከጣውላ ቀፎ አሠርተን ሰማያዊ ቀለም ቀባነው። ውስጡንም ጭምር። አምሮበት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ልጆች «ንብ! ንብ!» እያሉ መጡ። መንጋው የብሳና ቅርንጫፍ ላይ፣ ሰው እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ተንጠልጥሏል። የሰው ራስ ሁለት እጥፍ ያህላል። ቀፎውን ከሥሩ ይዘን ቅርንጫፉን አንዴ በኃይል ነቀነቅነው። መንጋው ዱብ አለ። ከድነን፣ ጨፍረን፣ ቤት ወሰድነው። አንድም ሰው አልተነደፈም። ጀግኖች የሆንን መስሎን ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት የወጣ መንጋ ሆዱን በማር ሞልቶ ስለሚጓዝና የሚጠብቀው ልጅና ስንቅ ስለሌለው ብዙ ጊዜ ገራም ነው። ጀግንነቱ የእኛ አልነበረም።

ቀፎውን ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። በማግሥቱ ሦስት ጊዜ ከፍተን አየን። ጎረቤትም ሲመጣ ከፍተን አሳየን። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ንቡ እየጮኸ ወጣ፤ በባሕር ዛፉ ላይ ዞረና ወደ ጫካው ሄደ። ቀፎውን ስንከፍት መዳፍ የማታህል ነጭ የሰም እንጀራ ብቻ ቀርታለች። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ለጣውላው ዶሮዎቿን ሸጣ ነበር። ምንም አልተናገረችም፤ እንጀራዋን በቅጠል ጠቅልላ ይዛ ገባች።

አንድ ሽማግሌ መጥተው ቀፎውን አሸተቱ።

«ልጆቼ፣ ይህ ምንድነው የሚሸተው?»

«ቀለም ነው አባባ።»

«እንግዳ አስገብታችሁ በየሰዓቱ በር ትከፍቱበታላችሁ? እናንተስ ብትሆኑ ታድራላችሁ?»

መልስ አልነበረንም። ሽማግሌው አሮጌ ቀፎ አዋሱን። የሁለተኛውን አያያዝ የተማርነው ከእሳቸው ነው።

ሁለተኛው መንጋ

ቀፎውን በሰፈፍና በጠጅ ሳር አሽተን ተዘጋጅተን ጠበቅን። መንጋው ሲገኝ መጀመሪያ «ከማን ቀፎ ነው የወጣው?» ብለን ጠየቅን። መንጋ ከጎረቤት ቀፎ ሲወጣ ታይቶ ከሆነ ለባለቤቱ መንገር ይገባል፤ በዚህ ምክንያት የተጣሉ ሰዎች አሉ። በጎረቤታችን በሸካ ጫካው ራሱ ኮቦ በሚባል ልማድ ተከፋፍሎ፣ የማን ቀፎ በየትኛው ሥፍራ እንደሚሰቀል የታወቀ ነው።

ከዚያ ነጭ ልብስ ለበስን፣ ፊታችንን በወንፊት ጨርቅ ሸፈንን። መንጋው ላይ ውኃ በስሱ አርከፈከፍን፤ ክንፉ ሲረጥብ ይሰበሰባል። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አነጠፍን። ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግን በደንብ ነቀነቅነው። እየደጋገሙ መነቅነቅ ንቡን ይበትነዋል። ከቀፎው ውጪ የወደቁትን አልነካናቸውም። ጭሱንም በጣም ጥቂት አደረግነው፤ ጭስ የበዛበት መንጋ ይሸሻል።

ሽማግሌው «አሁን በሩን እዩ» አሉ። ንቦቹ በሩ ላይ ቆመው ጅራታቸውን ወደ ላይ አንሥተው ክንፋቸውን ያራግቡ ነበር። ይህ ጥሪ ነው፤ አውራዋ ውስጥ ለመግባቷ ደህና ምልክት ነው። ቅርንጫፉ ላይ የቀሩት እየተሰለፉ ገቡ። አውራዋ ዛፉ ላይ ቀርታ ቢሆን ኖሮ የገቡት ሁሉ ወደ እሷ ይመለሱ ነበር፤ ያን ጊዜ እንደገና መጀመር ነው።

ቀፎውን እዚያው ጥላ ሥር ተውነው። ቃፊሮቹ ሁሉ እስኪመለሱ እስከ ማታ ጠበቅን። ሲመሽ በሩን በሣር ደፍነን፣ በጨርቅ ጠቅልለን፣ ሳናናጋ ወሰድነው። ጓሮ ውስጥ ከእንሰት ጥላ አጠገብ፣ እግር ባለው መደብ ላይ አስቀመጥነው። የመደቡን እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቆምን። ይህ ለጉንዳን ነው። ጉንዳን በአንድ ሌሊት ቀፎ ያጠፋል። ዙሪያውን ሣሩን አጨድን፣ አመድ ነሰነስን። ዘይት በሌለበት አመዱ ብቻውን እንኳን ይረዳል፤ ዝናብ ሲመታው ግን መለወጥ አለበት።

ከዚያ የቀረው ከባዱ ሥራ ነው፦ አለመክፈት። ዝናብ ስለነበረና አበባ ስላልተገኘ አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውኃ በጥብጠን ማታ ማታ ሰጠናቸው። ጠዋት ጠዋት በሩን ከሩቅ ብቻ አየን። በሰባተኛው ቀን ንቦቹ በእግራቸው ቢጫ የአበባ ዱቄት ተሸክመው ሲገቡ አየን። የአበባ ዱቄት የእጭ ምግብ ነው። ዱቄት በብዛት ሲገባ አውራዋ እንቁላል መጣል መጀመሯን መገመት ይቻላል። ልጅ ያለው ንብ ደግሞ ቤቱን በቀላሉ ጥሎ አይሄድም። ዶሮዎቿን የሸጠችው እህታችን በዚያ ጠዋት ቀፎው ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ሥራ አስፈታችን።

ከሽግግር ቀፎ መጀመር ለሚፈልግ አንድ ቁጥር ይያዝ፦ የአናቱ ርብራብ እያንዳንዱ ወርዱ 32 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከዚያ ከሰፋ ወይም ከጠበበ ንቡ እንጀራውን አጣሞ ይሠራል፤ ሳይበላሽም አይወጣም።

ስለ መነደፍ

ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ መርዙንም ማፍሰሱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሳትዘገዩ በጥፍር ጠርጋችሁ አውጡት። ከተነደፈው ቦታ የሚወጣው ሽታ ሌሎቹን ንቦች ይጠራልና በዝግታ ራቁ፤ ቦታውንም አጭሱት። ማበጥና ማሳከክ የተለመደ ነው። ነገር ግን የተነደፈው ሰው ትንፋሹ ካጠረ፣ ከንፈሩና ምላሱ ካበጠ፣ መላ ሰውነቱ ሽፍ ካለ ወይም ራሱን ከሳተ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢነደፍም እንኳ ይህ ለሞት የሚያደርስ ነው። እቤት መድኃኒት ስትሞክሩ ጊዜ አታጥፉ፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ አድርሱት። ከብትም ታስሮ ከቀፎ አጠገብ አይዋል፤ መሸሽ አይችልም። ማጨሻውን ደግሞ ስትጨርሱ በውኃ አጥፉት። በበጋ ከወደቀ ፍም የተነሣ እሳት ጌተሙንም ቡናውንም ይበላል።

የውይይት ጥያቄዎች

አንድ ሰው ያንብብ፣ ሌሎቹ ይመልሱ።

ከቀፎ ይዛ የምትወጣው የትኛዋ አውራ ናት? አሮጊቷ ወይስ አዲሷ?

የመጀመሪያው መንጋ የኮበለለበትን ምክንያት ቁጠሩ። ስንት አገኛችሁ?

ከሽማግሌው የተዋስነውን ቀፎ የሚያህል፣ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ የእናንተ ቀፎ የውስጥ ስፋቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው? ለክታችሁ ጻፉ።

በቀበሌያችሁ መንጋ የሚወጣው በየትኛው ወር ነው? የዛፉንም ስም በአማርኛና በካፊኖኖ ጻፉ።