ብዙ የኤክሴል መስኮቶች ሲከፈቱ፦ አያያዝና አዘጋግ

ዛሬ ቀላል የሚመስል ነገር ነው የማነሳው። ኤክሴል ላይ አምስት ስድስት ፋይል ከፍተን ስንሠራ መስኮቶቹን እንዴት እንይዛቸዋለን? እንዴትስ እንዘጋቸዋለን?

የወዳጆቼን የዕቁብ ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ማታ የዕቁቡን መዝገብና የቤት ወጪዬን ጎን ለጎን ከፍቼ ስሠራ፣ ወጪው ላይ የተሳሳትኩትን ለመመለስ ኮንትሮልና ዜድን ቶሎ ቶሎ ደጋገምኩ። ኤክሴል የወጪውን መልሶ ሲጨርስ ወደ ዕቁቡ መዝገብ ተሻገረና ያስገባሁትን የሁለት ሰው ክፍያ አጠፋው። ሳላስተውል ሴቭ አድርጌ ዘጋሁ። በሳምንቱ «እኔ እኮ ከፍያለሁ!» የሚል ስልክ መጣ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከኤክሴል 2013 ወዲህ እያንዳንዱ ፋይል በራሱ መስኮት ይከፈታል፤ እስከ 2010 ድረስ ግን ሁሉም በአንድ ትልቅ መስኮት ውስጥ ነበሩ። መስኮቱ ይለያይ እንጂ ከጀርባ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አንድ ኤክሴል ነው። ስለዚህ ዜድ የሚመልሰው በየፋይሉ ሳይሆን የሁሉንም ፋይል ሥራ በቅደም ተከተል ነው። የስሌት ሁኔታውም የጋራ ነው። መጀመሪያ የከፈታችሁት ፋይል «ማኑዋል» ላይ ሆኖ ሴቭ የተደረገ ከሆነ፣ በኋላ የምትከፍቷቸውም ቁጥር ስትቀይሩ ድምራቸውን አያድሱም፤ ሴቭ ስታደርጓቸው ደግሞ ይህንኑ ይዘው ይሄዳሉ። ድምር አልንቀሳቀስ ካላችሁ «ፎርሙላስ» ውስጥ «ካልኩሌሽን ኦፕሽንስ»ን ወደ አውቶማቲክ መልሱት።

ሁለት ሥራ ጨርሶ እንዳይነካካ ከፈለጋችሁ ሌላ ኤክሴል ማስነሳት ይቻላል። ታስክባር ላይ የኤክሴልን ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርጉ፤ ከዚያ ኦልትን እንደያዛችሁ «ኤክሴል» የሚለውን ተጫኑና ጥያቄው እስኪመጣ ድረስ ኦልትን አትልቀቁ። «የስ» ካላችሁ በኋላ ፋይሉን ከአዲሱ መስኮት ውስጥ ክፈቱ። ጉዳትም አለው፦ ከአንዱ ወደ ሌላው ኮፒ ስታደርጉ ፎርሙላው ቀርቶ ውጤቱ ብቻ ነው የሚሻገረው።

ከመስኮት ወደ መስኮት ለመዝለል ኮንትሮልና ኤፍ6 ይበቃል። ሁሉንም በአንዴ ለማየት «ቪው» ውስጥ «አሬንጅ ኦል» አለ።

ወደ መዝጋቱ እንምጣ። ኮንትሮልና ደብሊው ፊት ለፊታችሁ ያለውን ብቻ ይዘጋል። ሺፍትን ይዛችሁ የኤክስ ምልክቷን ብትጫኑ ሁሉም ይዘጋሉ፤ ያልተቀመጠ ለውጥ ካለ ይጠይቃችኋል። እዚህ ጋ ጣታችሁን ከሺፍት አንሱ! ሺፍት እንደተያዘ «ዶንት ሴቭ» ከተባለ መልሱ ለሁሉም ፋይል ይሆናል። ኤክሴል ደርቆ በታስክ ማናጀር ስትገድሉትም እንዲሁ አብረውት ያሉት ፋይሎች ሁሉ ይወድቃሉ። አውቶሪከቨር ካልቀየራችሁት በየ10 ደቂቃው ነው የሚያስቀምጠው፤ በመሃል የሠራችሁት ሊጠፋ ይችላል።

በ«ኒው ዊንዶው» አንድን ፋይል ሁለት ቦታ ከፍታችሁ ከሆነ አትደንግጡ፤ አንዱን መስኮት ብትዘጉ ፋይሉ በሌላው እንደተከፈተ ይቆያል።

ማክሮ ለምትጽፉ አንድ ነገር፦ የተከፈቱትን ሁሉ በሉፕ ስትዘጉ ማክሮው ራሱ ያለበትን ፋይል እለፉት። እሱ ከተዘጋ ኮዱ እዚያው ይቆምና የቀሩት ፋይሎች እንደተከፈቱ ይቀራሉ።