ዳውንሎዱ ሲቋረጥ ከዜሮ ላለመጀመር

ሐይቅ ዳር በተከራያችሁት ክፍል ሆናችሁ ኡቡንቱን ወይም የሻሚላን የኪታብ ስብስብ ስታወርዱ ኔትወርኩ ጠፍቶባችሁ ይሆናል። 4 ጊጋባይት በሰከንድ 100 ኪሎባይት ሲወርድ 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አሥረኛው ሰዓት ላይ ቢቋረጥ ብሮውዘሩ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የገዛችሁት ፓኬጅም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የተርሚናል ፕሮግራም ስትመርጡ ከፍጥነቱ በፊት ከቆመበት መቀጠል መቻሉን እዩ። ደብልዩጌት ላይ ከሊንኩ በፊት ሰረዝና ትንሿን ሲ አስገቡ፤ ሲቋረጥ እዚያው ፎልደር ውስጥ ያንኑ ትእዛዝ መድገም ይበቃል። ከርልም ይችላል፣ አጻጻፉ ግን ለጀማሪ ያደናግራል። ሁለቱም የሚቀጥሉት ሰርቨሩ ከፈቀደ ብቻ ነው።

አሪያ2 አንዱን ፋይል በበርካታ ኮኔክሽን ይስባል። በራሳችሁ ፓኬጅ ከሆነ መልካም። የዶርም ዋይፋይ ላይ ግን የሌላውን ተማሪ ድርሻ ይሻማል፤ የሰው ሐቅ አለበት። እኔ እዚያ ደብልዩጌትን ፍጥነቱን ገድቤ ሌሊት እለቀዋለሁ፤ ለፈጅር ስነሳ ብዙውን ጊዜ አልቆ አገኘዋለሁ።

በመሀል ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ ተቀይሮ ከሆነ አሮጌና አዲሱ ተቀጥሎ ይበላሻል። ኡቡንቱ ለዚህ የሻ256 ቁጥር ያወጣል፤ ከመጫናችሁ በፊት ከወረደው ጋር አስተያዩት።