ጫጩትና የጭድ ሳጥን

በአማኑኤል የክረምት ሌሊት አዲስ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ብርድ የሚፈጃቸው ለምንድን ነው? የአንድ አካል ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በግማሽ ቢያንስ ይዘቱ ወደ 1/8 ሲወርድ የገጹ ስፋት ግን ወደ 1/4 ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ትንሽ አካል ሙቀቱን ፈጥኖ ያጣል። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሻል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስለታል።

እናቲቱ ከሌለች ብዙዎች ከሰል ያቀጣጥላሉ። በተዘጋ ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰውንም ስለሚገድል ይህን አንመክርም። ዙሪያው ጭድ የታጨቀበት፣ አየር ማስገቢያ ያለው ሳጥን ይሻላል። ጭድ ሙቀት አያመነጭም፤ በውስጡ የታሰረው አየር ግን ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ማሞቂያዎቹ ጫጩቶቹ ራሳቸው ናቸውና ሁለት ሦስት ጫጩት ብቻ ሳጥኑን አያሞቀውም። የረጠበ ጭድ ወዲያውኑ ይለወጥ። ጫጩቶቹ ተጠጋግተው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ተራርቀው ካለከለኩ ሞቋቸዋል።