ቡናው የት በቀለ? ከኮምፒውተሩ በፊት ስለሚቀድመው የሥራ ትንተና

አንድ ጆንያ ቡና ከካፋ ዞን ጫካ ተነሥቶ አውሮፓ ወደብ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጆች ያልፋል። ለቃሚው፣ ሰብሳቢው ወይም መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ዩኒየኑ ወይም ላኪው፣ የጥራት መርማሪውና ጉምሩኩ ስለዚያ ጆንያ የየራሳቸውን ነገር ይጽፋሉ። ቀድሞ ይህ ሁሉ በደብተርና በካርኒ ይከናወን ነበር፤ አሁን ወደ ኮምፒውተርና ወደ ሞባይል ስልክ እየተዛወረ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ዝውውሩን ራሱን ሳይሆን ከእርሱ መቅደም ያለበትን ሥራ፣ ማለትም ቢዝነስ አናሊሲስ ወይም የሥራ ትንተና የሚባለውን ሙያ ነው።

የሥራ ተንታኝ ዋና ተግባሩ ፕሮግራም መጻፍ አይደለም፤ መጠየቅ ነው። ሥራው ዛሬ እንዴት ይሠራል? ማን ለማን ምን ያስረክባል? አንድ ቃል ለሁሉም አንድ ዓይነት ትርጉም አለውን? አዲሱ ሥርዓት ለማን ምን ሊያደርግለት ይገባል? መልሶቹን በጽሑፍና በሥዕል አስፍሮ ለባለቤቶቹ መልሶ ያሳያል፤ ፕሮግራም አውጪው ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሙያው የራሱ ዓለም አቀፍ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት እ.ኤ.አ. በ2003 በካናዳ ቢሆንም ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ቢ.ፒ.አር. በሚባለው የመሥሪያ ቤቶች የአሠራር ለውጥ ዘመን ያለፉ ሠራተኞች «ነባሩ ሂደት» እና «አዲሱ ሂደት» የሚሉ ሥዕሎችን ያስታውሳሉ፤ አንዳንዶች በመሰልቸት፣ ጥቂቶችም በደስታ።

ትንተና ምን ያህል እንደሚወስን ለመረዳት የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ምርት ገበያው እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር በደረጃ የተመዘነ ምርትን ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ሳይተዋወቁ እንዲገበያዩ፣ ክፍያውም በማግስቱ እንዲፈጸም ማድረግ ዓላማው ነበር። በዚያው ዓመት ቡናም ገባበት፤ በኋላም ቦንጋ ቡና ከሚረከብባቸው የመጋዘን ማዕከላት አንዷ ሆነች። በክፍያው ፍጥነትና በዋጋ መረጃው በኩል የታሰበው ተሳክቷል። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ሲቀላቀል የአንዱ ማኅበር ቡና ከሌላው የሚለይበት መንገድ ጠፋ። ለልዩ ቡና ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍሉ የውጭ ገዥዎች ደግሞ አጥብቀው የሚሹት ይህንኑ ነበር። ጆንያን በመለያ ኮድ የሚከታተል አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቡና ግብይት ሕግም የምንጩን ማንነት ጠብቆ ለመሸጥ በር ከፈተ። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ሥርዓት ደካማ ሆኖ የተሠራ አልነበረም፤ የታዘዘውን በሚገባ ፈጽሟል። «ይህ ቡና የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን በትእዛዙ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም ነበር።

ዛሬ ያ ጥያቄ በሕግ ተመልሷል፤ የጠየቀው ግን የአውሮፓ ኅብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የለማ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል። የተፈጻሚነቱ ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ጥያቄው አልተነሣም፤ ቡናው የበቀለበት ቁራሽ መሬት በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ከነጥቡ በኋላ ቢያንስ በ6 አሃዝ መገለጽ አለበት። መሬቱ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ ይመዘገባል።

እዚህ ላይ የሳይንስ ተማሪ ቆም ብሎ ሊያሰላ ይገባል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ በግምት 111 ኪሎ ሜትር ነው። ስድስተኛው አሃዝ ስለዚህ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀትን ይገልጻል። የተለመደ የእጅ ስልክ ደግሞ በጠራ ሰማይ ሥር እንኳ በጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል፤ በካፋ ጥቅጥቅ ያለ ደን ቅጠል ሥር ስሕተቱ ይጨምራል። ስለዚህ 6 አሃዝ መጻፍና እስከ 6 አሃዝ ድረስ ትክክል መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከዚህ የከፋም አለ። ቦንጋ በግምት በ7.27 ሰሜን፣ በ36.25 ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። መዝጋቢው ሁለቱን ቁጥሮች ቢያገላብጥ ቡናው ሰሜን ምሥራቅ አልጄሪያ ውስጥ የበቀለ ሆኖ ይገኛል! ሥርዓቱ ከካፋ ወሰን ውጭ የሆነን ነጥብ እንዳይቀበል ማዘዝ ቀላል ነው፤ ግን ማዘዝ እንዳለበት አስቀድሞ ያሰበ ሰው ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው «ቁራሽ መሬት» የሚለው ቃል ነው። ቅጹ አንድ ገበሬ፣ አንድ ማሳ፣ አንድ ወሰን ብሎ ያስባል። በካፋ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የባዮስፌር ክልል ጨምሮ የጫካ ቡና የሚለቀመው በብዙ ስፍራ በአሳታፊ የደን አስተዳደር ማኅበራት ከተያዘ የጋራ ደን ነው። አንዱ ለቃሚ ከጓሮው የለቀመውንና ከጋራው ደን ያመጣውን በአንድ ከረጢት ሊያመጣ ይችላል። ታዲያ መዝጋቢው ምን ይጻፍ? የቤቱን ደጃፍ ነጥብ ቢጽፍ መረጃው ሐሰት ይሆናል፤ ባዶ ቢተወው ስልኩ አያሳልፈውም። እንዲህ ሲሆን ደኑን ጠብቆ ያቆየው ሰው፣ ደንን ለመጠበቅ በወጣ ሕግ ከገበያ ሊወጣ ነው። ችግሩ በፕሮግራም አይፈታም። ተንታኙ ከማኅበሩ አባላት፣ ከወረዳው የግብርና ባለሙያና ከዩኒየኑ ጋር ተቀምጦ፣ የደን ክልሉ በማኅበሩ ስም አንድ ጊዜ ተለክቶ ለቃሚዎቹ በአባልነት የሚያያዙበትን መንገድና የጓሮው ቡና የሚለይበትን ሰዓት ማስማማት ይኖርበታል። ውይይቱም ለቃሚዎቹ በሚያስቡበት ቋንቋ፣ በካፍኛ ቢሆን ይመረጣል፤ በአማርኛ «ማሳ» ያልነው ቃል ለእነርሱ ጫካውን ያካትት እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ቀንም እንዲሁ ነው። የደንቡ መነሻ ዕለት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ገበሬው «ይህን ቡና የተከልኩት በ2012 ነው» ሲል ስልኩ የፈረንጅ ዘመን መስሎት ቢቀበለው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል።

በመጨረሻ ወደ ሚዛን እንምጣ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም፣ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው። በተጨማሪም አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት በግምት 6 ኪሎ እሸት ወይም 2 ኪሎ ጀንፈል ያስፈልጋል። አሁን 600 ኪሎ እሸት የተረከበ መዝጋቢ በስሕተት «ጀንፈል» የሚለውን ቢመርጥ እናስብ። እውነተኛው ንጹሕ ቡና 100 ኪሎ ሲሆን መዝገቡ 300 ኪሎ ይላል። የተረፈው 200 ኪሎ በመሬት ላይ የለም፤ በወረቀት ላይ ግን አለ፤ ከተመነጠረ ደን የመጣ ሌላ ቡና በእርሱ ስም ገብቶ ሊያልፍ ይችላል። አንባቢ ሆይ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ያንሡና ይህን ቀዳዳ የሚዘጋ ደንብ ለመጻፍ ይሞክሩ፤ ሕጋዊውን ለቃሚ ሳያግድ ሐሰተኛውን 200 ኪሎ የሚያስቆመው በየትኛው እጅ ላይ፣ በምን ጥያቄ ነው?